«የተረሱ መጻሕፍት መቃብር»ን ጨረስኩ፤ አራተኛው ላይ የደረሳችሁ ኑ እናውራ

የኮዬ አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የካርሎስ ሩይዝ ዛፎንን «የተረሱ መጻሕፍት መቃብር» እስከ አራተኛው ቅጽ ዘልቄ ጨረስኩ። ከጨረስኩ ወዲህ ግን የማወራው ሰው አጣሁ። እዚህ ኮዬ ፈጬ ብሎካችን ውስጥ መጽሐፍ የምንዋዋስ ጎረቤቶች አለን። ሁሉም የመጀመሪያውን አንብበው «ሲያምር!» ብለው ቆሙ። ሁለተኛውን የጀመሩትም መሀል ላይ ተዉት። እኔ ደግሞ ማውራት የምፈልገው ስለ አራተኛው ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አራት መጻሕፍት ናቸው። በስፓኒሽ «የንፋስ ጥላ» በ2001፣ «የመልአኩ ጨዋታ» በ2008፣ «የሰማይ እስረኛ» በ2011፣ «የመናፍስት ላቢሪንት» በ2016 ወጡ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው። እኛ እጅ የሚገባው ሉሲያ ግሬቭስ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ነው። ጎቲክ የሚሉት ዓይነት ታሪክ ነው፤ የሚሆነውም ባርሴሎና ውስጥ ነው። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ይነሳና የአምባገነኑን የፍራንኮን ዘመን ይዞ ይወርዳል። ጭጋግ አለ፣ የተዘጋ ክፍል ያለው አሮጌ ቤት አለ፣ የአንድን ደራሲ መጻሕፍት እያደነ የሚያቃጥል ፊቱ የተቃጠለ ሰው አለ። አርኮ ዴል ቴያትሮ በሚባል መንገድ ላይ ደግሞ ከአንድ ትልቅ የእንጨት በር ጀርባ ድብቅ ቤተ መጻሕፍት አለ። ሰው የረሳው መጽሐፍ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። መጀመሪያ የገባ ሰው አንድ መጽሐፍ መርጦ ይወስዳል፤ እንዳይጠፋም ዕድሜ ልኩን ይጠብቀዋል።

ከዚህ በታች የመጨረሻውን ምስጢር አላወጣም። ግን የአራተኛውን መንገድ እነካካለሁና ምንም መስማት የማትፈልጉ እዚህ ጋ አቁሙ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ በምን እንደሚጀምር ታስታውሳላችሁ? አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው አባትና ልጅ በ1945 ጎህ ሲቀድ በጭጋግ ውስጥ ወደ መጻሕፍቱ መቃብር ሲሄዱ ነው። ግን ለምን ሄዱ? የአሥር ዓመቱ ዳንኤል እየጮኸ ከእንቅልፉ ስለነቃ ነው። የእናቱ ፊት አልታወስ ብሎት ነው የጮኸው። አባቱ ሊያጽናናው ብሎ ይዞት ወጣ። እኛ ግን ወዲያው መጻሕፍቱ የሚቃጠሉበት ደራሲ ኹሊያን ካራክስ ማነው፣ የሚያቃጥለው ማነው፣ ያ ጨካኝ ፖሊስ ፉሜሮ ምን ይፈልጋል ስንል እናትየውን እርግፍ አድርገን እንተዋታለን። ደራሲው ያስተወናል ማለት ይሻላል።

ከዚያ ሁለተኛው ይመጣል። ኢሳቤላ የምትባል ምላሷ ስለት የሆነ የባለ ግሮሰሪ ልጅ ትገባለች፤ ደራሲ መሆን ትፈልጋለች፤ ዳቪድ ማርቲን የሚባለውን የተጨነቀ ጸሐፊ አላስቀምጥ ትለዋለች። የዳንኤል እናት እሷ ናት። በሦስተኛው ምን እንደደረሰባት በጭላንጭል እናያለን። በአራተኛው ራሷ በእጇ የጻፈችው ይከፈትና ኢሳቤላ በገዛ አንደበቷ ስትናገር እንሰማታለን። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ተነሳሁ። ሻይ ጥጄ ተመለስኩና እንደገና ከላይ ጀመርኩት። ፊቷ የጠፋው ሴት ድምፅ አገኘች! ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ገጽ ስንሮጥበት የነበረው ምስጢር ገዳዩ ማነው የሚለው አልነበረም ማለት ነው፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ የጠፋችው እናት ነበረች። እኔ እንደዚህ ነው ያነበብኩት፣ አጥብቄም አምንበታለሁ።

ለዚህ ነው በወጡበት ቅደም ተከተል ይነበቡ የምለው። ደራሲው በፈለጋችሁት በር መግባት ትችላላችሁ ብሏል፤ የሦስተኛው መግቢያ ላይም ሰፍሯል። በዚህ እሱን አልሰማውም። ከአራተኛው የጀመረ ሰው የኢሳቤላን ደብተር ሲያነብ ማንን እያዳመጠ እንደሆነ አይገባውም።

እስቲ እናንተስ?

ጣፎ ማዶ፦

እንኳን ጨረስሽ እህቴ! ስለ እናትየው ያልሽው ልክ ነው፤ እንዲያውም እንደዚህ ተጠቃሎ ሲነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም፤ ምክንያቴን ስሚኝ።

እኔ የጀመርኩት ከሁለተኛው ነው። ለገሃር አካባቢ መንገድ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጉት ልጆች ያገኘሁት እሱን ብቻ ነበር። ተከታታይ መሆኑንም አላወቅኩም። ስለዚህ ኢሳቤላን ያወቅኳት ማንም እናት ከመሆኗ በፊት ነው። ስትሳደብ፣ ስትስቅ፣ የጻፈችውን ወረቀት ይዛ በር ስታንኳኳ፣ ለዚያ ግትር ሰውዬ ምግብ ስታቀርብ። ወድጃት ነበር። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያውን አገኘሁትና ገና መግቢያው ላይ አንድ ልጅ እናቴ በጦርነቱ ማግስት ሞተች ይላል። እሷ መሆኗ ሲገባኝ ደነገጥኩ። አንቺ በአራተኛው ያገኘሽውን ድንጋጤ እኔ በመጀመሪያው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ነው ያገኘሁት። ከዚያ በኋላ «የንፋስ ጥላ»ን በሙሉ ያነበብኩት እሷን እየፈለግኩ ነው። አባትየው ዝም ሲል እሷን እያሰበ እንደሆነ ያስታውቀኝ ነበር። ሌሎቹ አንባቢዎች የሚያልፉት ዝምታ ለእኔ ሙሉ ነበር።

ስለዚህ ደራሲው ያለው ትክክል ነው። በየትኛውም በር ብትገቢ የሆነ ነገር ታጫለሽ፣ የሆነ ነገር ደግሞ ታገኛለሽ። የእኔ በር ከአንቺ አያንስም።

ሦስተኛው ግን ቀጭን ነው። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ድልድይ ነው፣ ተሻገርኩት።

የኮዬ አንባቢ፦

ጣፎ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር፤ የአባትየው ዝምታ ያልከው ደግሞ ልቤን ነካኝ። ሆኖም ያንተ መንገድ ለዕድለኛ ነው። ዛሬ ሁለተኛውን ብሰጠው ግማሹ ላይ የሚተወው ሰው ብዙ ነው፤ ጎረቤቶቼ ምስክር ናቸው። በጣም ጨለማ ነው። በመጀመሪያው ቤተሰቡን ካልወደድክ ያን ጨለማ ለመታገስ ምክንያት የለህም።

ሦስተኛውን ግን አትናቀው። የዳንኤል ወዳጅ ፌርሚን ከሞንዡይክ ምሽግ እስር ቤት እንዴት እንደወጣ ያለ እሱ አናውቅም። ያ ሰው በመጀመሪያው ሲያስቀን የከረመ ነው። ሌት ተቀን የሚያወራበት፣ ከረሜላ ከኪሱ የማይጠፋበት ምክንያት ሦስተኛው ላይ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ቀልዱን ስሰማ መሳቅ አልቻልኩም።

ቱሉ ዲምቱ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አራተኛውን እንደናንተ አልወደድኩትም። ቢጥመኝማ ደስ ባለኝ። የመጀመሪያውን ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ ለሰው ሁሉ ያነበብኩለት፣ በስልክ ሳይቀር ያነበብኩለት መጽሐፍ ነው። አራተኛው እጄ ሲገባ ሥራ አስፈቅጄ ነበር ያነበብኩት። ግን 800 ገጽ ገደማ ነው፤ ግማሹ ማሰቃየት ነው። ጥፍር፣ ጣት፣ ምድር ቤት ውስጥ የታሰረ ሰው። ገብቶኛል፣ ዘመኑ እንደዚያ ነበር። ግን አንዴ ካሳየኸኝ በቂ ነው፤ ሦስቴ ስታሳየኝ መፍራት አቆማለሁ።

ሁለተኛ አሊሲያ ግሪስ። ላልደረሳችሁበት፣ አሊሲያ በ1959 ማድሪድ ውስጥ ለምስጢራዊ ፖሊስ የምትሠራ ሴት ናት፤ የጠፋውን ሚኒስትር ማውሪሲዮ ቫልስን እንድትፈልግ ትታዘዛለች። መነሻዋ በሰውየው ጠረጴዛ ውስጥ የተገኘ አንድ ብርቅ የሕፃናት መጽሐፍ ነው። እስከዚህ ግሩም ነው። ግን ሁሉም ወንድ ሲያያት ይደነግጣል፣ ሁሉም በር ይከፈትላታል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ዳንኤል ሲፈራ፣ ሲሸነፍ፣ ሲዋሽ አሳየን። አሊሲያ ላይ ያን አጣሁ።

ሦስተኛ፣ ምስጢሩ ከተፈታ በኋላ መጽሐፉ ብዙ ይቀጥላል። አንድ ቤት እንግዳ ተሰናብቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሌላ ሁለት ሰዓት ሲያወራ እንደማለት ነው።

እና ደግሞ ማንም ያልመለሰልኝ ጥያቄ አለ። ኮሬሊ ማነው? ያ ፈረንሳዊ አሳታሚ ለዳቪድ ማርቲን 100,000 ፍራንክ ከፍሎ አዲስ ሃይማኖት ጻፍልኝ ያለው። ሰይጣን ነው ወይስ የዳቪድ ሕመም? ሦስተኛው ላይ ዳቪድ እስር ቤት ውስጥ ብቻውን የሚያወራ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። እንግዲያው ሁለተኛው መጽሐፍ በሙሉ የታመመ ሰው የጻፈው ነው? ይሄን ካልነገርከኝ ጨርሻለሁ ማለት ይከብደኛል።

የኮዬ አንባቢ፦

ቱሉ፣ ስለ ማሰቃየቱ እስማማለሁ። እኔም አንድ ሁለት ቦታ ዘልያለሁ። ስለ አሊሲያ ግን በፍጹም! ዳሌዋ ላይ ያለውን ቁስል ረሳኸው? ልጅ ሆና በቦምብ የተጎዳች ናት። በየቀኑ ታማለች። መቆም የማትችልበት ቀን አለ። መድኃኒት ስትውጥ፣ ሰውነቷን የሚያቆምላትን መደገፊያ ስታስር እናያለን። ወንዶቹ የሚያዩት ልብሷን ነው፤ እኛ ግን ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ያለችውን ነው የምናየው። ከእሷ ጋር የሚመደበው ሻምበል ቫርጋስ መጀመሪያ ሲንቃት ነበር፤ ያን ሕመም ካየ በኋላ ነው የተለወጠው። የሁለቱ ጓደኝነት ለእኔ ከተከታታዩ ፍቅሮች ሁሉ ይበልጣል።

ከኢሳቤላ ጋር የሚያገናኛትም ይሄ ነው። አንዷ ለልጇ ስትል ትጽፋለች፣ ሌላዋ ልጅ የላትም፣ እናቷን የወሰደባት ቦምብ ነው፤ ግን የማታውቃትን ሴት ደብተር ይዛ ለልጇ ልታደርስ ትሮጣለች። ማንም ወንድ አልላካትም። እንደውም የላኳት ሰዎች ሌላ ነገር ነው የፈለጉት።

ኮሬሊን በተመለከተ እኔ ክፍት ሆኖ መቅረቱ ይሻለኛል። ሁለቱም ንባብ ይቆማል። መጽሐፉ ራሱ ሁለቱን በሮች ክፍት ትቷቸዋል፤ አንዱን መዝጋት የእኔ ሥራ አይመስለኝም።

ጣፎ ማዶ፦

እኔ ሰይጣን ነው ባይ ነኝ። ደረቱ ላይ የሚሰካውን የብር መልአክ አትርሱ።

የሰበታ መምህር፦

ልጆች፣ ደስ የሚል ውይይት ነው። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ መጽሐፎቹን ልጄ አስጀመረችኝ። ስለ ኪነቱ እናንተ በቂ ብላችኋል። እኔ አንድ ያልተነሳ ነገር ልጨምር።

አሊሲያን ያቆሰለው ቦምብ የማን እንደሆነ አስተውላችኋል? በልብ ወለዱ ሕፃንነቷ ላይ የደረሰው እውነተኛው የባርሴሎና ድብደባ ነው። በእኛ መጋቢት 7 እስከ 9 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ በእነሱ ማርች 1938። አውሮፕላኖቹ ከማዮርካ ደሴት የሚነሱ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ነበሩ። ያዘዘው ሙሶሊኒ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ 1,000 ያህል ሰው አለቀ፤ አብዛኛው ሲቪል ነው።

አሁን ወደ አገራችን ኑ። ይኸው አየር ኃይል ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ደበደበ። ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ሳቮያ ማርኬቲ ኤስ ኤም 81 የሚባለው ቦምብ ጣይ መጀመሪያ ጦርነት ላይ የዋለው በእኛ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ስፔን ሄደ። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ከአንድ ወር ቢሆን ነው ባርሴሎና የነደደችው። ስለዚህ ያቺ ሕፃን በመስታወቱ ጉልላት በኩል ወደ መጻሕፍቱ መቃብር ስትወድቅ ሳነብ ሌላ አገር ታሪክ አልመሰለኝም። አያቴ የነገረችኝ የአውሮፕላን ድምፅ ነው የመጣብኝ። አያቴ ድምፁን ስታስመስል እጇን ጆሮዋ ላይ ታደርግ ነበር።

ቱሉ ዲምቱ ስለ ጭካኔው ያለውን አከብራለሁ። ነገር ግን ደራሲው አጋንኖታል ለማለት እቸገራለሁ። የሞንዡይክ ምሽግ የፈጠራ ቦታ አይደለም። የካታሎኒያ ፕሬዝዳንት የነበረው ዩይስ ኮምፓኒስ ኦክቶበር 15 ቀን 1940 እዚያው ተረሽኗል። ናዚዎች ፈረንሳይ ላይ ይዘው ነው ለፍራንኮ ያስረከቡት። አራተኛው ላይ ከእስረኞች የሚነጠቁትን ሕፃናትም ታስታውሳላችሁ። ያም የሆነ ነገር ነው። የፍራንኮ መንግሥት የተሸናፊዎቹን ልጆች ከእናቶቻቸው ወስዶ ለሌላ ይሰጥ ነበር። በ1941 የወጣ ሕግ የልጆቹን ስም መለወጥ ይፈቅዳል። ስም ከተለወጠ እናት ልጇን በምን ትፈልገዋለች? ልብ ወለዱ ይህን ጥያቄ ነው አጥብቆ የያዘው፤ የኮዬዋ ልጃችን ስለ ኢሳቤላ ካለችው ጋርም ይገጥማል።

የኮዬ አንባቢ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ኢጣሊያ አውሮፕላኖቹ መጽሐፉ ላይ አንብቤ አልፌው ነበር፤ ከደሴ ጋር አላያያዝኩትም። የሕፃናቱን ነገር እንደ ልብ ወለድ ብቻ ነበር የወሰድኩት። አሁን የቫልስን ክፍል እንደገና ማንበብ አለብኝ። እርስዎ ባይጽፉ ኖሮ አይታየኝም ነበር።

ቱሉ ዲምቱ፦

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የእኔ ቅሬታ መደጋገሙ ላይ ነው እንጂ እውነት መሆኑን አልተጠራጠርኩም። የሕፃናቱ ክፍል እንዲያውም ከሁሉም በላይ የያዘኝ ነው። እዚያ ደም የለም፤ ሁለት እህትማማቾችና አንድ የተለወጠ ስም ብቻ። ደራሲው እንደዚህ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲጽፍ ማንም አይደርስበትም፤ ለዚህ ነው ሌላው ጩኸት ያናደደኝ።

አቃቂ ማታ፦

ማታ ከፋብሪካ ወጥቼ ነው የማነበው፣ አሁን ነው ክሩን ያየሁት። እኔ የምለው ስለ መጻሕፍቱ መቃብር ነው።

ይህን ቦታ ፈረንጅ አንባቢዎች ሲያወሩበት «እንዴት ያለ የሚያምር ሐሳብ!» ይላሉ። አስማት አድርገው ነው የሚያዩት። እኔ ሳነበው የመጣልኝ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ከመጻሕፍት መደብሮች ተለቀመ። በዓሉ ግርማ ሥራውን አጣ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም። መጽሐፉ ግን አልጠፋም። ለምን አልጠፋም? የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ደብቆ ስለያዘው ነው። እኛ ቤት አንድ ቅጂ ነበር፤ አባቴ ሽፋኑን በሌላ ወረቀት ለብዶት፣ ከመዝሙረ ዳዊቱ ኋላ ነበር የሚያስቀምጠው። ልጅ ሆኜ ለምን እንደተለበደ አልገባኝም ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰው ወደዚያ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ «ይህን እኔ እጠብቀዋለሁ» ሲል ለእኔ ተረት አይደለም። አባቴ ያደረገው ነው። ዛፎን የፍራንኮን ሳንሱር እያሰበ ጽፎታል፤ መጻሕፍት የተቆረጡበት፣ የታገዱበት ዘመን ነው፤ የባርሴሎና አካባቢ ቋንቋ የሆነው ካታላን ራሱ ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ ተባርሮ ነበር። እዚህ ያለ አንባቢ ግን ይህን ለመረዳት የስፔንን ታሪክ ማጥናት አያስፈልገውም።

እና የተከታታዩን ደራሲዎች እዩአቸው። ካራክስ፣ ዳቪድ ማርቲን፣ ያ የሕፃናት መጽሐፍ የጻፈው ማታይክስ። ሁሉም ይታሰራሉ ወይ ይጠፋሉ። የሚተርፈው አንባቢው ነው። አራቱንም መጽሐፍ ከጨረስኩ በኋላ በዓሉን እንደገና አነበብኩ፤ በተለየ ዓይን ነው ያነበብኩት።

የሰበታ መምህር፦

አቃቂ፣ አባትህ ይኑሩም አይኑሩም እግዚአብሔር ያክብራቸው። እንደሳቸው ያሉ ብዙ ነበሩ። በየቤቱ የተለበደ መጽሐፍ ነበረ።

የኮዬ አንባቢ፦

አቃቂ፣ ይህን ጽሑፍህን ለጎረቤቶቼ ላነብላቸው ነው። ከመዝሙረ ዳዊቱ ኋላ! አልረሳውም።

ሰሚት፦

እኔ አንዱንም አላነበብኩም፤ ግን ከላይ እስከ ታች አነበብኳችሁና ልቤ ተነሳ። ሦስት ጥያቄ አለኝ። ጎቲክ የምትሉት አስፈሪ ማለት ነው? ማታ ብቻዬን ስለሆንኩ ነው። እንግሊዝኛው ይከብዳል? ሦስተኛ፣ የመጀመሪያውን አንብቤ ብቆም ያላለቀ ታሪክ ይዤ እቀራለሁ?

ጣፎ ማዶ፦

ሰሚት፣ እንኳን መጣህ። ጎቲክ የሚባለው ዘውግ ሲነሳ ሆረስ ዋልፖል የሚባል እንግሊዛዊ በ1764 ያወጣው የአንድ ቤተ መንግሥት ታሪክ ነው የሚጠቀሰው። ከዚያ ወዲህ መልኩ ተለዋውጧል፤ ዋናው ነገር ግን ያ ነው። አሮጌ ቤት፣ የአባቶች ኃጢአት፣ ተዘግቶ የማይቀር ያለፈ ጊዜ። ዛፎን ላይ መንፈስ ከሚያስፈራህ በላይ ፖሊስ ያስፈራሃል። የአልዳያዎች ቤት የሚባለው ቲቢዳቦ ጎዳና ላይ ያለ ባዶ መኖሪያ አለ፤ እሱን ብቻ ማታ አታንብበው። እኛ ጋ ነሐሴ ላይ ጭጋጉ እስከ መስኮት ሲወርድ አነበብኩትና በሩን ሁለቴ አየሁ።

እንግሊዝኛው መካከለኛ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ግን ታሪኩ ይጎትትሃል። መዝገበ ቃላት እየከፈትክ አትቁም፣ ዝም ብለህ ሂድ።

የኮዬ አንባቢ፦

ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። የመጀመሪያው ብቻውን ሙሉ ነው። ጥያቄ ሳይመለስ አይቀርብህም፤ ዳንኤል አድጎ የራሱን ልጅ ይዞ ወደዚያው ቦታ ሲሄድ ያልቃል። እዚያ ብትቆም ማንም አይወቅስህም። አብዛኛው ሰው እዚያ ነው የቆመው። ነገር ግን ያ ልጅ፣ ትንሹ ኹሊያን፣ አራተኛው ላይ አድጎ ይጠብቅሃል። ቱሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚያወራ እንግዳ ያለው ክፍል የእሱ ነው። ይህን ሁሉ የቤተሰብ ታሪክ ማን ጻፈው የሚለው እዚያ ይመለሳል። ምስጢሩ ካለቀ በኋላ የመጣው ለዚህ ነው፤ ቱሉ፣ ይህን ሳትበሳጭ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና አንብብልኝ። አያቱን በሕይወት ያላየ ልጅ ነው የሚጽፈው። ኢሳቤላ ደራሲ ልሁን ብላ ሳይሳካላት ሞተች፤ የልጅ ልጇ ሆነላት።

ቱሉ ዲምቱ፦

እሺ። ይህን አላየሁትም ነበር፤ ቢያንስ እንደዚህ አላሰብኩትም። የመጨረሻውን ክፍል ብቻ አነበዋለሁ። ማሰቃየቱን ግን አልመለስበትም።

አቃቂ ማታ፦

አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዚህ በኋላስ? አምስተኛ አለ?

የኮዬ አንባቢ፦

የለም። ዛፎን ጁን 19 ቀን 2020 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በካንሰር አረፈ፤ 55 ዓመቱ ነበር። ሲያርፍ ሰምቼ ነበር፤ ያኔ ግን ሁለተኛው ላይ ስለነበርኩ እንደ ማንኛውም ዜና አለፈኝ። አሁን አራተኛውን ስጨርስ ነው የገባኝ። በሩ ተዘግቷል። በዚያው ዓመት በስፓኒሽ «የጭጋግ ከተማ» የሚባል የአጫጭር ታሪኮች መድብል ወጣ፤ በእንግሊዝኛ በ2021። አሥራ አንድ ታሪኮች ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ የምታውቋቸው ስሞች ብቅ ይላሉ፤ ዳቪድ ማርቲን በልጅነቱ አለ፣ ያ የመጻሕፍት መቃብር እንዴት እንደተወጠነም አለ። ከእሱ እንዳትጀምሩ። አራቱን ላነበበ ሰው ነው የተተወው። እኔም ገና አልጨረስኩትም፤ ሆን ብዬ ነው የማዘግመው።

ሰሚት፦

ወሰንኩ። ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው፤ ጣፎ ይቅር ይበለኝ። ቅጂ ያለው ማነው?

ጣፎ ማዶ፦

ይቅር ብያለሁ። የእኔ የመጀመሪያው ቅጽ አያት የምትኖር እህቴ ጋ ነው፤ ለአንተ ቅርብ ናት። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ስትመልሰው ግን መጀመሪያ ገጽ ላይ ያነበቡት ሰዎች ስም አለ፣ ያንተንም ጻፍ።

የሰበታ መምህር፦

ልጄ ሁለተኛውን ትፈልጋለች፤ ዓርብ አራት ኪሎ አብርሆት ትመጣለች። ያለው ሰው ካለ ከእኔ አራተኛ ጋር ይለዋወጣት። ጥሩ እንግሊዝኛ ቅጂ ነው፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የጻፍኳቸው ዓመተ ምሕረቶች አሉ፣ አታጥፏቸው።